በስማቸው ትከሻ ላይ ያለችው እጅ

ሽቱትጋርት፣ ጥቅምት 12 ቀን 1960 ዓ.ም.

ይድረስ ለአባቴ የአጎት ልጅ፣ ለተከበሩ አያ ውድነህ፤

የቁስቋሟ እመቤት ለእርስዎም ለባለቤትዎ ለእማማ እናኑም ጤናና ዕድሜ ታድልልኝ። እኔ ደኅና ነኝ። እዚህ ብርዱ ጀምሯል። የላካችሁልኝን ጋቢ ውጭ ለብሼው አልወጣም እንጂ ቤት ውስጥ ከጀርመኖቹ ካፖርት ይበልጥብኛል።

ዘንድሮ የትምህርቴ መጨረሻ ነው። ለመመረቂያ ከሁለት ጓደኞቼ ጋር አንድ የብረት ክንድ እንድንሠራ ታዘናል። ነገሩ እንግዳ ይሆንብዎታልና ላስረዳዎ። ክንዱ እንደ ሰው ትከሻ፣ ክርንና አንጓ አለው። ጫፉ ላይ ሁለት ጣቶች አሉት። የሚያንቀሳቅሱት የኤሌክትሪክ ሞተሮች ናቸው። የራሱ ሐሳብ ግን የለውም፤ ትእዛዙን የሚያገኘው ቀዳዳ ቀዳዳ ከተበሳ ረጅም ወረቀት ነው። አንዱ ቀዳዳ ተነሥ ይለዋል፣ ሌላው ጨብጥ ይለዋል። በፋሲካ ሰሞን በሕዝብ ፊት ቆሞ የአንዲት ትንሽ ማኪና ብልቶችን ከጠረጴዛ ላይ አንድ በአንድ እያነሣ መግጠም አለበት፤ መጀመሪያ ሻንሲውን፣ ቀጥሎ ጎማዎቹን፣ በመጨረሻ ጣራውን። ማኪናይቱ መዳፍ ላይ የምትቆም ናት። እንዲህ ያለውን ሥራ እዚህ ሮቦት ይሉታል።

እኅቴ ሐረገወይን እንዴት ናት? አባትና እናታችን ካረፉ ወዲህ እርስዎ ቤት ማደጓ ለእኔ ትልቅ ዕረፍት ነው። ለብቻዋ ያልጻፍሁላት ደብዳቤ በአባወራው በኩል እንዲገባ እንደሚወዱ ስለማውቅ ነው። ስምንተኛ ክፍልን ስትጨርስ ምን እንዳሰበች ቢጽፉልኝ ደስ ይለኛል።

ልጅዎ ስማቸው

—

ጎንደር፣ ቁስቋም፣ ታኅሣሥ 3 ቀን 1960 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጃችን ለስማቸው፤

በባዕድ አገር የሚጠብቅህ አምላክ ስሙ የተመሰገነ ይሁን። እኛ ሁላችን ደኅና ነን። ጤፉ ሸጋ ሆኗል፤ ደብሩም የጽሕፈት ሥራውን ለእኔ እንደ ተወ ነው።

ደብዳቤህ የጽዮን ማግሥት ደረሰኝ። እንደ ልማዳችን ጮክ ብዬ ለእናኑ ሳነብላት ጎረቤቱ ሁሉ ተሰብስቦ ነበርና፣ ብረቱ ላይ ስደርስ ሳል ያዘኝ። ከሳሉ በኋላ በቀጥታ ወደ ስምህ ዘለልሁ። ከእንግዲህ ስለ ብረት የምትጽፈውን በሌላ ወረቀት አድርገው።

ምክንያቱን ልንገርህ። የዳባቱ ግራዝማች ሐብተ ማርያም ሐረገወይንን ሰጠኝ ለሚባለው ልጃቸው ጠይቀዋል። መሬት ያለው፣ ስም ያለው ቤት ነው። ሽማግሌዎቻቸው አጥንታችንን እስከ ሰባት ቤት ቆጠሩ፤ ጠይብ የለበት፣ ቡዳ የለበት፣ ደዌ የለበት። ጥሩ ሆነን ተገኘን። በመጨረሻ «ወንድሟስ እዚያ ምን ይማራል?» አሉ። ብረት ይሠራል ብል የተቆጠረው አጥንት ሁሉ ከንቱ ሊሆን ነው፤ ብረት የነካ ሰው እዚህ ምን እንደሚባል ታውቃለህ። ሕግ ይማራል አልኋቸው። ሕግ ትእዛዝ ነው፤ ያንተም ክንድ በትእዛዝ ነው የሚሠራው። ብዙ አልዋሸሁም።

የልጁ እናት ወይዘሮ ደብሪቱ መልክህን ማየት ይሻሉ። ከረባት አስረህ የተነሣኸው ፎቶግራፍ ላክልን።

ሐረገወይን ደኅና ናት።

ውድነህ

—

ሽቱትጋርት፣ ጥር 18 ቀን 1960 ዓ.ም.

ለተከበሩ አያ ውድነህ፤

ጥምቀቱ በሰላም እንዳለፈ ተስፋዬ ነው። ዘንድሮም በፋሲል መዋኛ አጠገብ አልነበርሁም፤ በዚያ ሰዓት ሞተር እየፈታሁ ነበር።

ፎቶግራፉን በዚህ ውስጥ ያገኙታል። ከረባት አስሬያለሁ። ፎቶ አንሺው የመጣው ክንዱን ሊያነሣ ነበርና ለብቻዬ አላነሣኝም። አንዱ ጓደኛዬም ለቀልድ የክንዱን ጣቶች ትከሻዬ ላይ አሳረፈብኝ። ከከረባቱ በታች የሚያዩት የቆዳ ሽርጥ የሥራ ልብስ ነው። ጣቶቹን በላስቲክ የጠቀለልናቸው የማኪናይቱን ቀለም እንዳይፍቁ ነው።

ስለ ሕጉ ያሉትን አንብቤያለሁ። ቅር ብሎኛል፤ ግን የእኅቴን ነገር ከሩቅ ሆኜ ማበላሸት አልፈልግምና ዝም እላለሁ።

የክንዱ ነገር አስቸግሮናል። አንድ ጎማ ከተቀመጠበት ጥቂት ፈቀቅ ካለ ክንዱ ባዶውን ይጨብጣል። ባዶውን ተሸክሞ ይሄዳል፤ ባዶውን ይገጥማል፤ ከዚያ ወደሚቀጥለው ሥራ ያልፋል። ከሩቅ ለሚያየው ሥራውን በትክክል የሠራ ይመስላል።

ሐረገወይን ስለ ጋብቻው ምን አለች?

ስማቸው

—

ቁስቋም፣ መጋቢት 16 ቀን 1960 ዓ.ም.

ይድረስ ለስማቸው፤

ትናንት ደብረ ዘይትን አከበርን፤ ጾሙ እኩል ሆነ። ጾሙንም ፋሲካውንም የሚያደርሰን እርሱ ይመስገን።

ፎቶግራፉ ደረሰኝ። ከረባቱ አምሮብሃል፤ ከከረባቱ በታች ያለው ግን ለዳባት አይሆንም። መቀስ አስገባሁበት። ሽርጡንም ክንዱንም አስወግጄ ራስህንና ከረባትህን አስቀረሁ። ትከሻህ ላይ ያረፉትን ሁለት ጣቶችም ላወጣ ብዬ ነበር፤ ጆሮህ አብሮ ሊሄድ ሲሆን ጊዜ ተውኋቸው። በላስቲክ ስለተጠቀለሉ የብረት አይመስሉም፤ የወዳጅ እጅ ነው ይባላል። ቁራጩን ምድጃው ዘንድ ጣልሁት፤ አንተን ወደ ዳባት በሚሄድ ማኪና ሰደድሁህ። ወይዘሮ ደብሪቱ በጣም ወደውሃል አሉ።

ሠርጉ በግንቦት ልደታ ሰሞን እንዲሆን ተስማምተናል። ለወይዘሮ ደብሪቱ የሚሆን የሐር ሻሽ ብትልክ ከወንድም የመጣ ነው ብለን እናቀርባለን። ቀለሙ ደማቅ አይሁን።

ሐረገወይን ትምህርቱን ትታ ከእናኑ ጋር ለድግሱ ጌሾ ትወቅጣለች። ደኅና ናት።

ውድነህ

—

ሽቱትጋርት፣ ሚያዝያ 20 ቀን 1960 ዓ.ም.

ለተከበሩ አያ ውድነህ፤

እንኳን ከጾሙ ወደ ፍስኩ በሰላም አደረሳችሁ። ሻሹን ልኬያለሁ፤ ግራጫ ነው።

ማሳያው ተደረገ። አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ክንዱ ሻንሲውን አነሣ፤ ጎማዎቹን ጀመረ። በመካከሉ አንዱ ጎማ ጠረጴዛው ሲነቃነቅ ተንከባሎ ከቦታው ሄደ። ክንዱ ግን ያለ መስሎት ባዶውን ጨበጠ፤ ባዶውንም በጥንቃቄ ገጠመ። ጣራውንም ከላይ ደፋበትና እጁን አጥፎ ቆመ። ማኪናይቱ ጎማ በጎደላት በኩል ዘመመች። ሰዉ ሳቀ። እኔም ፊቴን የምሸሽግበት አጣሁ።

አስተማሪያችን አልሳቁም። ክንዱ ብርቱ ነው፣ ችግሩ የያዘው ነገር መኖሩን አለመጠየቁ ነው አሉ። በሐምሌ እንድንደግም ፈቅደውልናል። ያን ጊዜም ካልሆነ ዲፕሎማው ይቀራል።

ሐረገወይን ስለ ጋብቻው ምን እንዳለች ባለፈው ጠይቄዎ ነበር። ምናልባት እዚያ ላይ ሲደርሱ ሳል ይዞዎት ይሆናል።

ስማቸው

—

ቁስቋም፣ ግንቦት 22 ቀን 1960 ዓ.ም.

ለስማቸው፤

ሰላምታው ለሌላ ጊዜ ይቆየኝ። ሻሹ ደርሷል፤ ሳጥን ውስጥ ነው። የምታስረው ሴት የለችም።

ሠርጉ ቀርቷል። ከሌላ ከምትሰማው ከእኔ ስማው።

ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ግራዝማች ሐብተ ማርያም ከባለቤታቸው ከወይዘሮ ደብሪቱና ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ከዳባት መጡ። የድግሱን ነገር ሊጨርሱ የመጡ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ተቀበልኋቸው። እናኑ ጠላ አቀረበች፤ ሐረገወይን ትቀዳ ነበር። ጥቂት ከተጫወትን በኋላ ግራዝማች ከካፖርታቸው ኪስ በመሐረብ የተጠቀለለ ነገር አወጡ። ያንተ ፎቶግራፍ ነው።

«ልጁ ሸጋ ነው» አሉ። «ይች ትከሻው ላይ ያለች እጅ ግን የማን ናት?»

የባልንጀራው ናት አልሁ።

«ምነው ታዲያ ጣቷ ሁለት ብቻ ሆነች?»

የመጡበት ያን ጊዜ ገባኝ። ወይዘሮ ደብሪቱ ፎቶግራፉን ለዳባት ሴት ሁሉ አሳይተዋል፤ ሴቶቹም ጣቶቹን ቆጥረዋል። ያጠሩ፣ የደነደኑ፣ ጥፍር የሌላቸው ሁለት ጣቶች። እኛ አገር እንዲህ ያለ እጅ ሲታይ የሚነሣው ስም አንድ ነው፤ ቁምጥና። የእጁ ባለቤት ባልንጀራ ሳይሆን ዘመድ ነው፣ በሽታውን ሊሸሽግ ባሕር ተሻግሮ ልጁ ዘንድ ተጠግቷል ብለው ጨርሰዋል። መቀሴ ያመጣብኝን አየህ? ደዌ የለብንም ብል ብረቱን ማመን ሊሆን ነው። ብረቱን ልሸሽግ ብል ደዌውን መቀበል ነው። የቱም ሙሽራ አይድርም።

ምላሴ ግን አልከዳኝም። ባልንጀራው ጀርመን ነው፣ በታላቁ ጦርነት ቦምብ ጣቱን ቆርጦታል አልሁ። ግራዝማች በጠላት ጊዜ በዱር የከረሙ ሰው ናቸውና ወዲያው ራሳቸውን ነቀነቁ። ጀርመንማ ብዙ ተዋግቷል አሉ። ወይዘሮ ደብሪቱም እስከዚያ ሳይነኩት የቆዩትን ጠላ አነሡ። ነገሩ አልቆ ነበር።

ሐረገወይን ማንቆርቆሪያውን አስቀምጣ ወደ ጓዳ ገባች። ስትወጣ በእጇ ቁራጭ ነገር ይዛለች። ለካ ምድጃው ዘንድ የጣልሁትን አንሥታ በዳዊቷ ውስጥ አኑራው ኖሯል። ፎቶግራፉን ከግራዝማች ጉልበት ላይ ወስዳ መደቡ ላይ አደረገችው፤ ቁራጩንም ከሥሩ ገጠመችለት። ሽርጡም መጣ፤ ክርኑም መጣ፤ ሽቦውም መጣ።

«እጇ የሰው አይደለችም» አለች። «ብረት ናት። ወንድሜ ነው የሠራት።»

ወይዘሮ ደብሪቱ ጎንበስ ብለው ሽርጡን አዩት። «ጠይብ ነዋ» አሉ ቀስ ብለው።

«አዎን» አለች። «እኔም የጠይብ እኅት ነኝ።»

ጠላቸውን ሳይጨርሱ፣ ፎቶግራፉንም እዚያው ትተው ተነሡ። የዳባት ማኪና እስኪነሣ ድረስ ገበያ ዳር ፀሐይ ላይ ቆመው እንደ ነበር ሰማሁ። ቤቴ ጥላ ነበረው።

ከዚያ ቀን ወዲህ አላነጋገርኋትም። ተቆጥቻለሁ፤ አልሸሽግህም። አባቷ ቢኖር የሚያደርግላትን ነው ያደረግሁላት፤ የማያስርባት፣ የማያሳፍራት ቤት ነው የፈለግሁላት። አሁን ወሬው ከዳባት ወርዶ ቁስቋም ገብቷል። ባለፈው በማኅበራችን ዕለት ጽዋው ከእኔ ሲያልፍ ቀጣዩ ሰው ከንፈሩን ሳያስነካ አሳለፈው። ደዌውን ይፍራ ጠይቡን አላወቅሁም። የሃያ ዓመት ወዳጄ ነው።

ሐረገወይን ምን አለች ብለህ ስትጠይቀኝ ከርመሃል። ያለችው ይኸው ነው።

ውድነህ

—

ሽቱትጋርት፣ ነሐሴ 2 ቀን 1960 ዓ.ም.

ለተከበሩ አያ ውድነህ፤

ፍልሰታ ገብቷልና ጾሙን የበረከት ያድርግልዎ። በጽዋው ላይ የደረሰብዎን ሳነብ አዘንሁ። ቀልዱ የእኛ፣ ነውሩ የእርስዎ ሆነ።

ክንዱን ደግመን አሳየነው። ከሁለቱ ጣቶች መካከል ትንሽ የምትገፋ ቁልፍ አበጀንለት። አሁን ሲጨብጥ ቁልፏ ካልተነካች የያዘው ነገር እንደሌለ ያውቃል። ወደሚቀጥለው ሥራ አያልፍም። ባለበት ቆሞ ደወል ይደውላል፤ ሰው መጥቶ የጎደለውን እስኪሰጠው ይጠብቃል።

በማሳያው ቀን አስተማሪያችን ሆን ብለው አንዱን ጎማ ኪሳቸው ከተቱት። ክንዱ ወረደ፤ ጨበጠ፤ ቆመ። ደወለ። አስተማሪያችን ጎማውን ቀስ ብለው ቦታው ላይ ሲያስቀምጡት አነሣና ሥራውን ቀጠለ። ዲፕሎማዬን አግኝቻለሁ። ያን ቀን ክንዱ የገጠማትን ማኪና በሚመጣ ሰው እጅ ለሐረገወይን ልኬያለሁ።

አያ ውድነህ፣ እኅቴ በሽማግሌዎቹ ፊት ያለችውን ጽፈውልኛል። ያን ያለችው ሳትጠየቅ ነው። እኔ የጠየቅሁዎ ተጠይቃ የምትለውን ነበር።

ስማቸው

—

ቁስቋም፣ ኅዳር 8 ቀን 1961 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለስማቸው፤

ትናንት ወዲያ የቁስቋምን በዓል አነገሥን፤ በረከቱ ባሕሩን ተሻግሮ ይድረስህ። መልሴ የዘገየው ፖስታው ጠፍቶ አይደለም። የምጽፈው ስለሌለኝ ነበር።

የደወሉን ነገር ለእኔ ብለህ እንደ ጻፍኸው አውቄዋለሁ። የቅኔ አገር ሰው ነኝ፤ ወርቁን ለማግኘት አልቸገርም። መጀመሪያ ስቆጣ ሰነበትሁ፤ ብረት እንኳ ከእኔ ይሻላል ሊለኝ ነው ብዬ። ኋላ ግን ነገሩን ሳወጣና ሳወርድ፣ በአንተ ደብዳቤ ሁሉ ላይ ጥያቄው ተቀምጦ እኔ ሁልጊዜ ደኅና ናት ብዬ እንዳለፍሁት ታየኝ። ደኅና መሆኗንም የጠየቅኋት ጊዜ አልነበረም።

መስከረም ሲጠባ ደጅ ላይ ምስር ስትለቅም አገኘኋት። ከሠርጉ ነገር ወዲህ አልተነጋገርንም ነበርና ቀና ብላ አላየችኝም። አጠገቧ ድንጋይ ላይ ተቀመጥሁ። «ሐረገወይን፣ አንች ምን ትፈልጊያለሽ?» አልኋት።

ሰፌዱን ጉልበቷ ላይ አስቀመጠች። «እስከ ዛሬ የጠየቀኝ ሰው ስለሌለ አላሰብሁበትም» አለች። «ጊዜ ይስጡኝ፣ አያ ውድነህ።»

እውነት እልሃለሁ፣ ሽማግሌዎቹ ጠላቸውን ትተው ሲወጡ እንኳ እንደዚያን ቀን አላፈርሁም። እናኑ ከውስጥ ሰምታ ኖሮ ማታ እራት ስታቀርብልኝ በሰላም ብላ አለችኝ፤ ሌላ አልተናገረችም። ሴት ሁለት ቃል ስትናገር ከሰባት ቤት ቆጠራ ይከብዳል።

ሐረገወይን አስባ አስባ በመስቀል ማግሥት መጣች። የሕክምና ኮሌጁ የገጠር ነርሶችን ያስተምራል፣ ስምንተኛ የጨረሰ ይቀበላል፣ እዚያ ልግባ አለች። ሠርጉ ሲቀር ወደ ትምህርቷ ተመልሳ ስምንተኛን ጨርሳ ነበር። እኔም ከረባት ሳላስር ካባዬን ደርቤ ይዣት ሄድሁ። መዝጋቢው ወንድሟ ምን እንደሚሠራ ጠየቀኝ። ብረት ይሠራል አልሁት። ጻፈው፤ ቀና ብሎም አላየኝ።

ማኪናይቱ ደርሳለች። እናኑ መስኮቱ ላይ አስቀምጣታለች፤ የሚመጣ ሁሉ ጎማዋን አሽከርክሮ ሳያያት አይሄድም። ያ ጽዋ ያሳለፈብኝ ወዳጄም አሽከረከራት። ምን ዓይነት ሰው ገጠማት ብሎ ሲጠይቀኝ የተገጣጠመውን ፎቶግራፍህን ከሐረገወይን ዳዊት ውስጥ አውጥቼ ሽርጡንም ክንዱንም አሳየሁት። ሁለቱን ጣቶች በጣቱ ነካ አደረጋቸው። ይች እጅ ጽዋ መያዝ ትችላለች ወይ አለኝ። አላውቅም አልሁት፤ ጻፍልኝ።

ከዚህ ጋር የሐረገወይንን ፎቶግራፍ ልኬልሃለሁ። ነጭ ሽርጥ ለብሳለች። ፊት ለፊቷ አንድ ሽማግሌ ተቀምጠዋል፤ እጃቸውን በሁለት እጆቿ ይዛ ቁስላቸውን ትጠቀልላለች። የሽማግሌው ጣቶች ሁለት ናቸው፤ እነዚህ የላስቲክ አይደሉም። ለጎረቤቱም ለማኅበሩም አሳይቼዋለሁ። መቀስ አላነሣሁበትም።

ውድነህ